ካፒቴን ኔሞ በመጽሐፍና በሲኒማ



በዛሬው ንግግራችን የምንመለከተው ፈረንሳዊው ደራሲ ዡል ቬርን የጻፋቸውን የሳይንስ ልብ ወለድ መጻሕፍትና ከእነርሱ የተሠሩትን ፊልሞች ነው። ነገሩ ለጎንደር ከተማና ለስሜን ደጋ አድማጭ መጀመሪያ ሲሰማው ሩቅ ይመስለው ይሆናል። ደራሲው የባዕድ አገር ሰው ነው፤ ታሪኩ የሚፈጸመው በውቅያኖስ ውስጥ ነው፤ የደባርቅና የዳባት ሰው ደግሞ ባሕር ለማየት ቢሻ በመቶ የሚቈጠር ኪሎ ሜትር መጓዝ አለበት። ሆኖም ከመጻሕፍቱ ሁሉ ዋነኛ የሆነው የካፒቴን ኔሞ ታሪክ ከኛ አገር ሰው ልብ ጋራ የሚገናኝበት አንድ በር አለው። ይህን በር ከፊልሞቹ ብዙዎቹ ዘግተውታል፤ መጽሐፉ ግን ክፍት አድርጎ ትቶታል። በዚህ ንግግር ውስጥ የምንጠቅሰው ዘመን፥ በኢትዮጵያ አቈጣጠር ነው ካላልን በቀር፥ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አድማጮች እንዲያስታውሱልን እንለምናለን።

ዡል ቬርን በ1828 ናንት በምትባል የፈረንሳይ የወደብ ከተማ ተወለደ፤ በ1905 በአሚየን ከተማ ሞተ። አባቱ ጠበቃ ስለ ነበረ ልጁም ሕግ እንዲማር ወደ ፓሪስ ልኮት ነበር፤ ልጁ ግን ወደ ቴአትርና ወደ ድርሰት አዘነበለ። በ1863 በፊኛ ተሳፍረው አፍሪካን ከዛንዚባር እስከ ሴኔጋል ስላቋረጡ ሦስት ሰዎች የጻፈውን ልብ ወለድ ኤትዘል የተባለው አሳታሚ ተቀብሎ አተመለት። ሁለቱ ከዚያ በኋላ «ድንቅ ጕዞዎች» የተባለውን ተከታታይ ረድፍ አቋቋሙ። በረድፉ ውስጥ ከ50 የሚበልጡ ልብ ወለዶች ይገኛሉ፤ ወደ ምድር ሆድ የሚወርዱት፥ በመድፍ ተተኵሰው ወደ ጨረቃ የሚሄዱት፥ ዓለምን በ80 ቀን የሚዞሩት ሰዎች ታሪክ ሁሉ በዚሁ ውስጥ ነው። ከነዚህ መካከል ሦስቱ እርስ በርሳቸው የተያያዙ ናቸው። የመጀመሪያው «የካፒቴን ግራንት ልጆች»፥ ሁለተኛው በ1869 እና በ1870 የወጣው «ከባሕር በታች ሃያ ሺሕ ሊግ»፥ ሦስተኛው በ1874 እና በ1875 የወጣው «ምስጢራዊቱ ደሴት» ይባላል።

እንዲህ ያለው ድርሰት በኛ ዘንድ ፈጽሞ እንግዳ ነው ማለት አይቻልም። በግዕዝ የተጻፈው ዜና እስክንድር፥ ታላቁ እስክንድር በመስታወት ዕቃ ውስጥ ተዘግቶ ወደ ባሕር ጥልቅ እንደ ወረደና በዚያ ያለውን ፍጥረት እንዳየ ይተርካል። ብራናውን የገለበጡ አባቶች ባሕርን ያዩ ይሁኑ ወይም አይሁኑ፥ ከውሃው በታች ሰው በመስታወት ውስጥ ተቀምጦ ዙሪያውን ሲመለከት በዓይነ ልቡናቸው አይተውታል። ዐፄ ቴዎድሮስ ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ብዙ መጻሕፍት ሰብስበው ወደ መቅደላ እንደ ወሰዱ፥ እንግሊዞችም በ1868 መቅደላን በያዙ ጊዜ ከዚያ ብዙውን ጭነው እንደ ሄዱ የታወቀ ነው። ዋሊስ በጅ የተባለው እንግሊዛዊ ሊቅ በ1896 የእስክንድርን ዜና በሎንዶን ያሳተመው ከመቅደላ ከሄዱት ብራናዎች ነው። እንግዲህ የኔሞን መርከብ መስኮት የሚያነብ የጎንደር ሰው አዲስ ነገር ብቻ ሳይሆን ከጥንት የሚያውቀውን ነገር በአዲስ ልብስ ያገኛል።

ታሪኩ ባጭሩ ይህ ነው። በ1866 መርከበኞች ከዓሣ ነባሪ የሚበልጥ፥ በሌሊት የሚያበራና እጅግ ፈጣን የሆነ አንድ ነገር በየባሕሩ አየን ማለት ጀመሩ። አሮናክስ የተባለ የፓሪስ ፕሮፌሰር፥ ኮንሴይ ከሚባለው አሽከሩና ኔድ ላንድ ከሚባለው የካናዳ ዓሣ ነባሪ አዳኝ ጋራ፥ አውሬውን ሊያሳድድ በወጣ የአሜሪካ የጦር መርከብ ተሳፈረ። ሦስቱ ባሕር ውስጥ ወድቀው በአውሬው ጀርባ ላይ ሲወጡ ግን ጀርባው ብረት ሆኖ አገኙት። አውሬ የተባለው ናውቲሉስ የሚባል ሰርጓጅ መርከብ ነው፤ ጌታው ኔሞ ይባላል፤ ኔሞ ማለት በላቲን ቋንቋ «ማንም» ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ መርከቡ ለእነርሱ እስር ቤትም ትምህርት ቤትም ሆነላቸው። ቤተ መጻሕፍት አለው፤ የሙዚቃ ዕቃ አለው፤ በመስታወት መስኮቱ ፊት የባሕሩ ፍጥረት ሁሉ ያልፋል።

ስለ መጽሐፉ ስም አንድ ቃል እንናገር። ብዙ ሰው ሃያ ሺሕ ሊግ ሲባል የጥልቀቱን ልክ የሚናገር ይመስለዋል። አይደለም። ቬርን የተጠቀመበት ሊግ አራት ኪሎ ሜትር ስለ ሆነ ሃያ ሺሕ ሊግ 80,000 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ይህም የመሬትን ዙሪያ ሁለት ጊዜ ያህል መዞር ማለት ነው። በጥልቀት ቢሆን ኖሮ መርከቡ መሬትን በስቶ በወዲያኛው ወገን ከወጣ በኋላም ብዙ በቀረው ነበር።

የመርከቡ አሠራር ለማንም ሊገባው የሚችል ነው። ባዶ ቅል አፉን ደፍነን በምንጭ ውሃ ላይ ብናኖረው ይንሳፈፋል፤ ውሃ ብንሞላው ይሰምጣል። ናውቲሉስም በሆዱ ውስጥ ታላላቅ የውሃ ማጠራቀሚያዎች አሉት፤ ሊሰምጥ ሲፈልግ ውሃ ያስገባባቸዋል፤ ሊወጣ ሲፈልግ ውሃውን በኀይለኛ ፓምፕ ያስወጣዋል። የዛሬዎቹ ሰርጓጅ መርከቦችም የሚከተሉት ይህንኑ ሕግ ነው። የሚያስቸግረው የውሃው ክብደት ነው። በባሕር ውስጥ በየ10 ሜትሩ ስንወርድ በላያችን ያለው ግፊት በባሕር ዳር ያለ ሰው ከላዩ የሚሸከመውን አየር ያህል ይጨምራል። ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ስለ ተቀመጠች የጎንደር ሰው የሚሸከመው አየር ከባሕር ዳር ሰው ሸክም ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው፤ በጎንደር ጀበና ውስጥ ውሃ በ93 ዲግሪ ገደማ የሚፈላውም ስለዚህ ነው። እኛ ከሌላው ሰው ባነሰ አየር ስር ስንኖር ኔሞ ግን በመቶ የሚቈጠር የአየር ሸክም የሚጫንበትን ብረት ይነዳል። ቬርን ይህን ሁሉ በቍጥር እያሰላ ይጽፋል። መርከቡ ርዝመቱ 70 ሜትር፥ ወርዱ 8 ሜትር ነው፤ ኀይሉ ኤሌክትሪክ ነው፤ ለባትሪው የሚያስፈልገውን ሶዲየም ከባሕር ጨው ያወጣል። ስሌቱ የሚሰለቸው አንባቢ አለ፤ እርሱ ገጹን ቢያልፍ አይከሰስም። በእውነቱ ግን የመጽሐፉ ጣዕም ግማሹ በዚህ ስሌት ውስጥ ነው፤ ውሸቱን እንድናምነው የሚያደርገን እርሱ ነውና።

ቬርን የተሳሳተበትም ቦታ አለ። ኔሞ በበረዶ ስር አልፎ በባሕር ወደ ደቡብ ዋልታ ይደርሳል። አማንድሰን በ1911 ዋልታውን በእግር በረገጠ ጊዜ ግን ስፍራው በየብስ ላይ ያለ፥ ከባሕር ብዙ የራቀ ሜዳ ሆኖ ተገኘ። ይሁን እንጂ መርከቡ ከዋልታው ሲመለስ በበረዶ ተከቦ አየር የሚያልቅበት ምዕራፍ፥ ሰዎቹ በየተራ በረዶ ሲቈፍሩና በዙሪያቸው ያለው ውሃ እንዳይረጋባቸው የፈላ ውሃ ሲያፈሱበት የሚያሳየው፥ ከረድፉ ሁሉ እጅግ የሚያስጨንቀው ነው። ስሕተቱ ምዕራፉን አላበላሸውም።

አሁን ወደ ዋናው ጕዳይ እንግባ። ይህ ኔሞ ማነው? በሁለተኛው መጽሐፍ አገሩ አይነገርም። ፍንጩ ግን አለ። በሲሎን ዳርቻ አንድ ድኻ ዕንቍ ጠላቂ በሻርክ ሊበላ ሲል ኔሞ ራሱ በጩቤ ተጋጥሞ ያድነዋል፤ ከረጢት ሙሉ ዕንቍም ይሰጠዋል። ከሰው ልጅ ተለይቻለሁ የሚል ሰው ለምን ይህን አደረገ ብሎ ፕሮፌሰሩ ሲጠይቀው፥ ያ ሰው የተጨቈነ አገር ልጅ መሆኑን፥ እርሱም እስከ ሞት የዚያው ወገን መሆኑን ይመልስለታል። በሌላ ስፍራም በቱርክ ላይ ለተነሡት የቀርጤስ ሰዎች ወርቅ ይልካል። ቬርን መጀመሪያ ያሰበው ኔሞን የፖሎኝ መኰንን አድርጎ በ1863ቱ ዓመፅ ቤተ ሰቡን ሩስያ የጨረሰችበት ሰው ሊያደርገው ነበር፤ አሳታሚው ኤትዘል ግን ለሩስያ ገበያ ሠግቶ ተቃወመ። ስለዚህ ምስጢሩ ተሸፍኖ ቈየ።

የተገለጠው በ«ምስጢራዊቱ ደሴት» ነው። በአሜሪካ የርስ በርስ ጦርነት ጊዜ አምስት ሰዎች ከእስር በፊኛ አምልጠው ሰው በሌለበት ደሴት ላይ ይወድቃሉ። ከእነርሱ አንዱ ነጻ የወጣ ጥቁር ሰው ነው። አምስቱ ሰዎች ሸክላ ከመሥራት ጀምረው ብረት እስከ ማቅለጥ ሲደርሱ የማያዩት ሰው በስውር ይረዳቸዋል። ያ ሰው በመጨረሻ ሽማግሌው ኔሞ ሆኖ ይገኛል። ስሙ ልዑል ዳካር ነው፤ በህንድ አገር የቡንደልከንድ ራጃ ልጅ ነው። አባቱ በአሥር ዓመቱ ወደ አውሮፓ ልኮት እስከ ሠላሳ ዓመቱ የአውሮፓን ዕውቀት ሁሉ ተማረ፤ ተመልሶም በ1857 ህንዳውያን በእንግሊዝ ላይ ባነሡት ዓመፅ ከመሪዎቹ አንዱ ሆኖ ተዋጋ። ዓመፁ ተሸነፈ፤ ቤተ ሰቡ አለቀ። የቀሩትን ተከታዮቹን ይዞ በምድረ በዳ ደሴት ላይ ናውቲሉስን ሠራ። የመርከቡን ክፍሎች በልዩ ልዩ ስም ከልዩ ልዩ አገር አዝዞ ነው የሰበሰበው፤ አንዱ ብረት ከፈረንሳይ፥ አንዱ ከሎንዶን፥ አንዱ ከግላስጎ፥ ሞተሩ ከፕሩስያው ክሩፕ ፋብሪካ። አንዱ ፋብሪካ የሌላውን አያውቅም፤ ምን እንደሚሠራም ማንም አላወቀም።

እዚህ ላይ የኛ አገር አንባቢ ቆም ሳይል አያልፍም። ቬርን ይህን ታሪክ በሚያዘጋጅበት በዚያው ዘመን፥ በቋራ ተወልደው በ1855 በስሜን በደረስጌ ማርያም የነገሡት ዐፄ ቴዎድሮስ፥ የአውሮፓን መሣሪያ በአገር ውስጥ ለማሠራት ይደክሙ ነበር። በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ወንጌል ሊሰብኩ የመጡትን የሚስዮን ሠራተኞች መድፍ እንዲያቀልጡ አዘዟቸው። እነርሱም ሙያው የላቸውም ነበር፤ መጀመሪያ ሞክረው ከሸፈባቸው፤ ብዙ ከደከሙ በኋላ ተሳካላቸው። የመጨረሻውና ታላቁ ሴባስቶፖል ተባለ። ያን መድፍ ወደ መቅደላ ለመጐተት መንገድ ሲጠረግ ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ ያነሡ ነበር። በ1866 ደግሞ በጣና ዳር በዘጌ ሰፍረው ሳሉ የእንፋሎት መርከብን የሚመስል ነገር ለመሥራት ሞከሩ። እስረኛ ሆኖ የነበረው ሐኪም ሄንሪ ብላንክ ስለዚህ ጽፏል። ከደንገል ታላላቅ ታንኳዎች ተሠሩ፤ በላያቸው የእንጨት ወለል ተነጠፈ፤ በግራና በቀኝ በእጅ የሚዞር መንኰራኵር ተገጠመላቸው። የታሰበውን ያህል አልሠሩም። ልብ እንበል፤ ልብ ወለዱ ናውቲሉስን ወደ ባሕር ያወጣው በዚሁ በ1866 ነው። አንደኛው ንጉሥ የሚያዝዝበት ክሩፕም ግላስጎም አልነበረውም፤ በዚያው ዓመት ሚስዮናዊውን ፍላድን ወደ እንግሊዝ የላኩት የእጅ ሠሪዎችና መሣሪያ እንዲያመጣላቸው ነበር።

የሁለቱ ታሪክ የሚገናኘው በዚህ ብቻ አይደለም። በ1868 ከቦምቤይ ተነሥቶ በዙላ የወረደው፥ ህንዳውያን ወታደሮችንና ዝሆኖችን ይዞ መቅደላ የደረሰው ሮበርት ናፒየር፥ በ1857 እና በ1858 የህንድን ዓመፅ ካፈኑት የእንግሊዝ መኰንኖች አንዱ ነው። ቬርን ስለ ቴዎድሮስ ያስብ ነበር ማለታችን አይደለም። ነገር ግን በልብ ወለዱ ልዑል ዳካርን ያሸነፈው ሠራዊትና በእውነተኛው ታሪክ ቴዎድሮስን ያሸነፈው ሠራዊት አንድ ነው።

ይህን ስንል ኔሞን ጻድቅ ለማድረግ አይደለም፤ ቬርንም አላደረገውም። በሁለተኛው መጽሐፍ መጨረሻ ኔሞ አንድ የጦር መርከብ ከነሰዎቹ ያሰምጣል፤ ፕሮፌሰሩም በመስኮቱ የሚሰምጡትን እያየ ይንቀጠቀጣል። ቀጥሎ ኔሞ በሞቱበት በሚስቱና በልጆቹ ሥዕል ፊት ተንበርክኮ ያለቅሳል። ጎንደርም ይህን ዓይነት ቍጣ ከመጽሐፍ አይደለም የምታውቀው፤ በ1866 መጨረሻ አብያተ ክርስቲያናቷን ያቃጠሉት እኚያው በጋፋት መድፍ ያሠሩት ንጉሥ ናቸው። ጥበብን መውደድና ቍጣ በአንድ ሰው ልብ ውስጥ አብረው እንዴት እንደሚያድሩ ለማየት የጎንደር አንባቢ ከሌላው ይልቅ ዝግጁ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

ወደ ፊልሞቹ እንለፍ። ሲኒማ ወደ አገራችን ሲገባ የአዲስ አበባ ሰው ሲኒማ ቤቱን «የሰይጣን ቤት» ይለው ነበር፤ የጎንደርም ፒያሳ ጣሊያን በ1930ዎቹ ዓመታት የሠራው የሲኒማ ሕንጻ አለው። ቬርን ደግሞ ከሲኒማ ጋራ የተገናኘው ገና ከጥዋቱ ነው። በ1902 ፈረንሳዊው ሜሊየስ ከቬርንና ከእንግሊዛዊው ዌልስ መጻሕፍት ሐሳብ ወስዶ ወደ ጨረቃ የሚደረገውን ጕዞ በአጭር ፊልም ሠራ። በ1916 በአሜሪካ የተሠራው የኔሞ ፊልም በባሃማስ ባሕር ውስጥ በእውነት ከውሃ በታች የተነሣ ነው፤ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን መጽሐፍ አጣምሮ ኔሞንም የህንድ ልዑል አድርጎ አቅርቧል፤ የሚጫወተው ግን ፊቱን ያጠቈረ ነጭ ነበር።

ከሁሉ የታወቀው በ1954 የዲስኒ ኩባንያ ያወጣው ነው። ዕቃውና ሥዕሉ ያማረ ስለ ሆነ ሁለት የኦስካር ሽልማት አግኝቷል። ብዙ ክንድ ካለው የባሕር አውሬ ጋራ የሚደረገው ትግል መጀመሪያ በጸጥተኛ ባሕርና በፀሐይ መግቢያ ተነሥቶ ነበር፤ አውሬውን የሚያንቀሳቅሱት ሽቦዎች ስለ ታዩ በሌሊት በማዕበል መካከል እንደ ገና ተነሣ፤ ለዓይን ያማረውም በዚህ ምክንያት ነው። ይሁን እንጂ ኔሞን የሚጫወተው እንግሊዛዊው ጄምስ ሜሰን ነው። ቤተ ሰቡ እንደ ተገደለበት ይነገራል፤ የገደለው መንግሥት ግን ስም የለውም። ሜሰን መልካም ተዋናይ መሆኑን ማንም አይክድም፤ ነገር ግን በእንግሊዝ ላይ የተነሣው ልዑል በእንግሊዛዊ መልክ ቀረበ፤ ዓለምም ለብዙ ዘመን ኔሞን በዚህ መልክ አወቀው። በ1961 የወጣው የደሴቲቱ ፊልምም እንዲሁ አደረገ። በ1973 ግብፃዊው ኦማር ሸሪፍ፥ በ2003 ህንዳዊው ናስሩዲን ሻህ ኔሞን ተጫውተዋል፤ በ1975 የሶቪየት ኅብረት በቴሌቪዥን ያሳየችው ሦስት ክፍል ያለው ፊልምም የህንዱን ዓመፅ አልደበቀም። በ2024 የወጣው አሥር ክፍል ያለው «ናውቲሉስ» ኔሞን ከነህንዳዊነቱ ዋና ሰው አድርጎ የእንግሊዝን የንግድ ኩባንያ ጠላቱ አድርጎታል። የማሽኑን ውበት ለማየት የ1954ቱን፥ ሰውየውን ለማወቅ የኋለኞቹን ማየት ይገባል፤ ሁሉም ግን ከመጽሐፉ በኋላ ቢታዩ ይሻላል።

በአማርኛም ለዚህ ዓይነት ጣዕም ሥፍራ መኖሩን ደራሲ ይስማዕከ ወርቁ በ2001 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቈጣጠር ያሳተሙት «ዴርቶጋዳ» አሳይቷል። የጣናን ገዳማትና የአገር ልጅ ሳይንቲስቶችን በአንድ ታሪክ አገናኝቶ ብዙ ጊዜ ታትሟል፤ «ራማቶሓራ» እና «ዣንቶዣራ» ተከትለውታል። የድርሰቱን ደረጃ ሐያስያን ይከራከሩበት፤ አንባቢው ግን ማሽኑ በጣና ሲሆን ማየት እንደ ተጠማ ከዚህ ይታወቃል።

የጎንደር ተማሪ ቬርንን የሚያገኘው ባብዛኛው በእንግሊዝኛ ስለ ሆነ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። በ1872 መርሲየር የተባለው ቄስ የተረጐመው ሁለተኛው መጽሐፍ ብዙ ገጽ የተቈረጠበት ነው፤ በኪንግስተን ስም የወጣው የጥንቱ የደሴቲቱ ትርጕም ደግሞ ኔሞ በሞት አልጋው ላይ ስለ እንግሊዝ የሚናገረውን ለውጦታል። ርካሽ ሆነው የሚታተሙት ብዙ ጊዜ እነዚሁ ናቸው። ስለዚህ የተርጓሚውን ስም በመጀመሪያው ገጽ መፈለግ ያስፈልጋል፤ ለደሴቲቱ በ2001 የወጡት የስታምፕና የክራቪትዝ ትርጕሞች ሙሉ ናቸው። የሁለቱ መጻሕፍት ዓመተ ምሕረት እርስ በርሱ እንደማይስማማም ቀድመን እንናገር፤ ደራሲው ሦስተኛውን ሲጽፍ የሁለተኛውን ቀን መቍጠሪያ አላከበረም፤ አንባቢ ሊያስማማው ቢደክም በከንቱ ነው። የዳካር ስም የሚገለጠው በሦስተኛው መጽሐፍ መጨረሻ ገደማ ስለ ሆነ፥ ገጹ በዝቶበት መካከል ላይ የሚተወው አንባቢ ሳያገኘው ይቀራል።